ስለ ኃጢአት ሥርየትና ስለ እግዚአብሔር ጥበቃ፦ ጥያቄና መልስ

መልሶቹ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የተከተሉ ናቸው። ሌሎች ክርስቲያኖች በተለየ መንገድ የሚያስተምሩት ነገር ሲኖር እዚያው ተጠቅሷል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ይቅርታ፣ ቤዛና ሥርየት አንድ ናቸው?

ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ይቅርታ ተበዳይ ለበዳይ የሚሰጠው ነው። ቤዛ የተያዘን ለማስለቀቅ በምትኩ የሚሰጥ ነው (ማር 10፥45)። ሥርየት ደግሞ ኃጢአቱ ራሱ ሲወገድ ነው። ሰው ይቅር ሊልህ ይችላል፤ ቆሻሻህን ከላይህ ሊያነሣልህ ግን አይችልም።

ጥያቄ፦ በዘሌዋውያን 16 ለምን ሁለት ፍየል አስፈለገ? አንድ አይበቃም ነበር?

ሥራው ሁለት ስለሆነ ነው። ምዕራፉ የሚናገርለት የሥርየት ቀን የሰባተኛው ወር 10ኛ ቀን ነው፤ ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) «አስተስርዮ» ይሉታል። ሊቀ ካህናቱ የክብር ልብሱን ትቶ ተራ የበፍታ ልብስ ይለብሳል። ከሁሉ በፊት ለራሱና ለቤቱ ወይፈን ያርዳል፤ እርሱም ኃጢአተኛ ነውና። ዕጣኑን ይዞ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ይገባል፤ ጢሱ የታቦቱን የሥርየት መክደኛ ካልሸፈነ ይሞታል። የወይፈኑን ደም በመክደኛው ላይና በፊቱ 7 ጊዜ በጣቱ ይረጫል። ከዚያ ወጥቶ በዕጣ ለእግዚአብሔር የደረሰውን ፍየል ያርዳል፤ ደሙንም እንደዚያው ያደርጋል። በሁለተኛው ፍየል ራስ ላይ ሁለት እጁን ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ይናዘዝበታል፤ አንድ ሰው ወደ ምድረ በዳ ነድቶ ይለቅቀዋል።

የመጀመሪያው ፍየል ደም መቅደሱን ያነጻል፤ ሁለተኛው ኃጢአቱን ከሰፈር ያርቃል። ጌታ ሁለቱንም በአንድ ፈጸመ፤ በገዛ ደሙ ወደ ቅድስት ገባ (ዕብ 9፥12)፣ ከከተማ በር ውጭም መከራ ተቀበለ (ዕብ 13፥12)። የኦሪቱ ሥርዓት በየዓመቱ መደገም ነበረበት፤ የእርሱ «አንድ ጊዜ» ተብሏል።

ጥያቄ፦ ሊቀ ካህናቱ ውስጥ ቢሞት የሚጎተትበት ገመድ እግሩ ላይ ይታሰር ነበር ይባላል። እውነት ነው?

በኦሪት የለም። በሚሽና፣ ማለትም በጥንታዊው የአይሁድ የቃል ሕግ መጽሐፍም የለም። የሚገኘው በመካከለኛው ዘመን የአይሁድ ጽሑፍ ነው። ለስብከት ስለሚጥም ብቻ ይደጋገማል።

ጥያቄ፦ የክርስቶስ ደም ለማን ተከፈለ? ለዲያብሎስ ነው ሲባል ሰምቼ ግራ ገባኝ።

ግራ ብትጋባ አይገርምም፤ የቀደሙት አባቶችም ተነጋግረውበታል። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ዲያብሎስን በመንጠቆ እንደ ተያዘ ዓሣ መስሎ አስተምሯል፤ የመለኮትን መንጠቆ በሥጋ ተሸፍኖ ሳያየው ዋጠ ማለቱ ነው። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ግን ወንበዴ ዋጋ ይከፈለዋል መባሉን ነውር ነው ብሎ አልተቀበለም። አብም ደም ተጠምቶ አልነበረም አለ። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን ቅዱስ አትናቴዎስ ነገሩን ከሞት በኩል ያየዋል፦ ሰው በሞት ሕግ ተይዟል፣ ቃል የማይሞት ነው፤ ስለዚህ ሊሞት የሚችል ሥጋ ለበሰ፣ ሞትንም በሞቱ ሻረው።

በእኛ ሀገር ትምህርት የዕዳ ደብዳቤ የሚባለው አለ። አዳምና ሔዋን «አዳም ገብሩ ለዲያብሎስ፣ ሔዋን አመቱ ለዲያብሎስ» (አዳም የዲያብሎስ ባሪያ፣ ሔዋን የዲያብሎስ ገረድ) ብለው ጽፈው ሰጡት፤ እርሱም አንዱን በዮርዳኖስ፣ አንዱን በሲኦል አኖረው። ጌታ የዮርዳኖሱን በጥምቀቱ፣ የሲኦሉን ወደዚያ በወረደ ጊዜ ደመሰሰው። ልብ በል፤ ደብዳቤው ተደመሰሰ እንጂ ለዲያብሎስ የተቆጠረለት ገንዘብ የለም። በትንሣኤ «አሠሮ ለሰይጣን፣ አግዐዞ ለአዳም» (ሰይጣንን አሰረው፣ አዳምን ነጻ አወጣው) የምንለውም ይህንኑ ነው፤ የታሰረ ሰይጣን ክፍያ አይቀበልም።

በምዕራብ በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የካንተርበሪው አንሰልም ነገሩን ለተደፈረው የእግዚአብሔር ክብር እንደሚሰጥ ካሳ ተረጎመው። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መምህራን ደግሞ «የእኛን ቅጣት ተቀጣልን» ወደሚለው አዘነበሉ። የወንጌላውያን ወንድሞች ስብከት የሚያተኩረው እዚህ ላይ ነው። «ስለ መተላለፋችን ቆሰለ» የሚለው ኢሳይያስ 53 እያለ ፍጹም ስሕተት ነው ማለት አይቻልም፤ ብቻውን ሲቆም ግን አብን ከወልድ የተጣላ ያስመስላል።

ጥያቄ፦ ጎረቤቶቼ ከቤት ሲወጡ «በኢየሱስ ደም ሸፍነን» ብለው ይጸልያሉ። ትክክል ነው?

መነሻው ዘጸአት 12 ነው፤ ቀሳፊው የበጉን ደም ምልክት አይቶ የእስራኤልን ቤቶች ያለፈበት የፋሲካ ሌሊት። የአንድ ዓመት ተባዕት፣ ነውር የሌለበት ጠቦት በ10ኛው ቀን ይያዛል፣ እስከ 14ኛው ይጠበቃል፣ ሲመሽ ይታረዳል። ደሙ በሂሶጵ በሁለቱ መቃንና በጉበኑ ይቀባል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ትእዛዙ ግን ይቀጥላል፦ ሥጋውን ብሉ፣ እስከ ጥዋት ማንም ከደጅ አይውጣ። ደሙን ቀብቶ ውጭ ያደረ ሰው የተሰጠውን ትእዛዝ ጥሷል፤ ምልክቱ በቤቱ ላይ እንጂ በእርሱ ላይ አልነበረም።

ስለዚህ ጸሎቱ ራሱ ክፉ አይደለም። የሚበላሸው ቃሉን ቆጥሮ በመድገም መኪናና ሱቅ ላይ እንደሚረጭ ነገር ሲያዝ ነው። በራእይ 12፥11 ከበጉ ደም የተነሣ ድል ነሡ የተባሉት፣ ነፍሳቸውን እስከ ሞት አልወደዱም ተብሎም ተጽፎላቸዋል።

ጥያቄ፦ ለጥበቃ የሚጸለየው መዝሙር 90 ነው ወይስ 91? ትራስ ሥር ባደርገውስ?

ሁለቱም ነው። በግእዙ ዳዊት እንደ ሰባ ሊቃናት ትርጉም 9ኛውና 10ኛው አንድ ስለሆኑ ቁጥሩ በአንድ ያንሳል። «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል» የሚለው በእኛ 90 ነው።

ትራሱን በተመለከተ፣ ይህን መዝሙር በቃሉ ይዞ የጠቀሰው ዲያብሎስ ነበር (ማቴ 4፥6)። ሲጠቅስ «በመንገድህ ሁሉ» የሚለውን ዘለለ፤ «ዘንዶውን ትረግጣለህ» ከሚለው በፊትም አቆመ። ወረቀቱን ከማስቀመጥ ይልቅ ማታ ማታ አንብበው።

ጥያቄ፦ ማዕተብና ክታብ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁለቱም አንገት ላይ ናቸው።

ማዕተብ የጥምቀት ምስክር ነው፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ይታሰራል። ክታብ ደግሞ ጠብቀኝ ተብሎ ራሱ የሚታመን ነው። መለያው ሲጠፋ የሚሰማህ ነው። ማዕተብህ ቢበጠስ ሌላ ክር ታስራለህ፣ ጥምቀትህ አልተበጠሰም። ክታብ የጠፋበት ሰው ግን እንቅልፍ ያጣል።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር የሚጠብቅ ከሆነ በሊቢያ የተሰዉት ወገኖቻችንስ?

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ያ ዜና በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው ይህንኑ ጠይቋል። የሐዋርያት ሥራ 12ን ክፈት። በቁጥር 2 ያዕቆብ በሰይፍ ተገደለ፤ በቁጥር 7 ጴጥሮስን መልአክ ከሰንሰለት ፈታው። አንድ ንጉሥ፣ አንድ ሰሞን። የያዕቆብ እምነት አነሰ የሚል ቃል የለም። ሠለስቱ ደቂቅም «ያድነናል» ካሉ በኋላ «ባያድነንም» ብለዋል (ዳን 3፥17-18)። ከሞት መትረፍ አንዱ የጥበቃ ዓይነት ነው፤ ሳይክዱ መሞትም ሌላው ነው።

ጥያቄ፦ ከመሥሪያ ቤት 10,000 ብር ወስጄ ነበር። ተናዝዤ ቀኖናዬን ጨርሻለሁ። ገንዘቡንም መመለስ አለብኝ?

አዎ። በኦሪት ዋናውን ከአምስተኛ እጅ ጭማሪ ጋር ይመልሱ ነበር (ዘሌ 6፥5)፤ ባንተ ሒሳብ 12,000 መሆኑ ነው። በወንጌል ቀራጩ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ጭማሪውን ከንስሐ አባትህ ጋር ተመካከርበት፤ ዋናው ግን የአንተ አይደለም። ቀኖና ለነፍስ ቁስል መድኃኒት ነው፤ ስግደቱ ለ10,000 ብሩ ክፍያ አልሆነም። በኑዛዜም «ብዙ በድያለሁ» ብሎ ማለፍና የአለቃን ጥፋት መዘርዘር የተለመዱ ስሕተቶች ናቸው። የራስህን ብቻ፣ በስሙ ጠርተህ ተናገር። ቀኖናው ከበደኝ ብለህ ሌላ አባት አትፈልግ፤ ለዚያው አባት ንገራቸው፣ ሊያቀልሉልህ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ለመቁረብ ከስንት ሰዓት ጀምሬ ልጹም? ከመኝታ በኋላ ብቻ ይበቃል?

አይበቃም። ከምግብም ከውኃም 18 ሰዓት ነው፤ ቆጠራው ከምትቆርቢበት ሰዓት ወደ ኋላ ይሄዳል። ጠዋት 3 ሰዓት የምትቆርቢ ከሆነ የመጨረሻው ምግብሽ ባለፈው ቀን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ያበቃል። በሌሊት ቅዳሴ 8 ሰዓት ከሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ነው። መድኃኒት የምትወስጂ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ለንስሐ አባትሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።