የጎላ ሁሉ አልጠራም

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። እናቴ ለዓመታት ያስቀመጠቻቸውን የመንዙማ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ፣ ዩኤስቢ ላይ በምትሰካ ትንሽ ማጉያ በኩል በጆሮ ማዳመጫ እሰማቸዋለሁ። ፋይሎቹ 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ ናቸው። እኔ «ከፍተኛ ጥራት ያላቸው» እላለሁ። ኮምቦልቻ ያለው ጓደኛዬ ግን «ጥራት አይባልም፣ ሬዞሉሽን በል» ብሎ ይሟገተኛል። ደግሞ ዕቃዋን «የድምጽ ማጉያ» ስላት ሰው ሁሉ ሞንታርቦ የገዛሁ ይመስለዋል። ምን ልበል?

መልስ፦ በመጀመሪያው ነገር ጓደኛህ እውነት አለው። በሁለተኛው ደግሞ ስህተቱ ያንተ ሳይሆን የቃሉ ነው።

«ጥራት» የመጣው «ጠራ» ከሚለው ግስ ነው። ጠላ ሲጠራ አይተሃል። አተላው ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለው ኩልል ይላል። ሰማይም ደመናው ሲገፈፍ ይጠራል። እንግዲህ አንድ ነገር ጠራ የሚባለው የማይፈለገው ነገር ሲወጣለት ነው። «ጥሩ»ም የዚሁ ግስ ልጅ ነው። «ጥሩ ወርቅ» ስንል ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ወርቅ ማለታችን ነው።

አሁን ወደ ፋይልህ እንምጣ። 96 ኪሎኸርዝ ማለት ድምፁ በየሰከንዱ 96,000 ጊዜ ተለክቷል ማለት ነው። 24 ቢት ደግሞ እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል ጥቃቅን ልዩነት መመዝገብ እንደሚችል ይነግርሃል። ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ፣ በ16 ቢት ነው የሚለካው። እነዚህ ሁሉ የመለኪያው ቁጥሮች ናቸው፤ ጓደኛህ ሬዞሉሽን የሚለውም ይህንኑ ነው። ስለ አተላው ምንም አይሉም።

ወፍጮ ቤት ያለውን ነገር አስብ። ስንዴው ሳይለቀም፣ አሸዋው እንዳለ ቢፈጭ፣ ወፍጮው የፈለገውን ያህል ቢያልመው እንጀራው ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ዱቄቱ ልሟል፣ ግን አልጠራም። ካሴትም የራሱ አሸዋ አለው። ያ ከጀርባ የማይለየው «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ማለቴ ነው። 24 ቢት እሱንም አንድ ሳያስቀር ይመዘግበዋል።

ይህን በጆሮዬ ያረጋገጥኩት ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ካሴት የሚገለብጥ ወዳጄ ዘንድ ነው። አንድ የቆየ አምባሰል ከፈተልኝ። መጀመሪያ ማዳመጫውን ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ ሰካው። ማሲንቆው ሩቅ ነበር፣ ድምፁ ሰልሏል። ከዚያ በማጉያዋ በኩል አደረገውና ቁልፏን ቀስ አድርጎ አዞራት። አዝማሪው ገና አፉን ሳይከፍት ጭራው ከጭራው ጋር ሲፋተግ ሰማሁ። ደስ ይላል። ግን «ሽሽሽ»ውም አብሮ ቀረበ። ወዳጄ «ጠራ አይደል?» አለኝ። «ጎልቷል» አልኩት።

ቀጥሎ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳ ተራ የሲዲ ፋይል አሰማኝ። በቁጥር ከካሴቱ ግልባጭ ያንሳል። ነገር ግን ድቤው ሲመታ የቆዳው ንዝረት ራሱ ይሰማል። ተቀባዮቹ ትንፋሽ ሲወስዱ መሐሉ ጭር ይላል፤ ምንም የለበትም። «ጥራት» ለሚለው ቃል የሚገባው ይሄ ነው።

አማርኛ እነዚህን ነገሮች ድሮም ለይቷቸዋል። «ቀንሰው፣ ጮኸ» እንላለን። «ቀንሰው፣ ጎላ» ግን አንልም። ጮኸ ውስጥ ማማረር አለ፣ ጎላ ውስጥ የለም። የጎላ ተቃራኒ የሰለለ ነው። የጠራ ተቃራኒ ደግሞ የደፈረሰ ወይም የሻከረ ነው። ሦስቱን ቃላት ለይቶ የሚጠቀም ሰው ዕቃ ሲገዛም አይታለልም።

ታዲያ ሬዞሉሽንን ምን እንበለው? እኔ «ርቅቀት» ብለው ደስ ይለኛል፤ ከ«ረቀቀ»። «ርቀት» ብለን ብናሳጥረው ከደሴ ኮምቦልቻ ካለው የመንገድ ርቀት ጋር ይምታታል። በንግግር አንዱን አጥብቀን ሌላውን አላልተን እንለያቸዋለን፣ ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ለዕለት ንግግር ግን ቁጥሩን መጥራት ይበቃል፦ «በ24 ቢት፣ በ96 ኪሎኸርዝ የገለበጥኩት» በል። ጓደኛህም ሬዞሉሽን ቢል አልቆጣውም።

ይህም ቢሆን የፋይሉ ርቅቀት እንጂ ጆሮህ ጋ የሚደርሰው ላይሆን ይችላል። ዊንዶውስ ላይ የድምፅ ማስተካከያው 48 ኪሎኸርዝ ላይ ከተቀመጠ፣ ማጫወቻው አልፎት በቀጥታ እንዲልክ ካላደረግከው በቀር፣ 96ቱን መንገድ ላይ ወደ 48 ይቀይረዋል። ግን አትጨነቅበት። የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ በሰከንድ 20,000 ጊዜ እስከሚርገበገብ ድምፅ፣ ማለትም እስከ 20 ኪሎኸርዝ ነው፤ በ48 ኪሎኸርዝ የተለካ ድምፅ ደግሞ የልኬቱን ግማሽ፣ እስከ 24 ኪሎኸርዝ ድረስ ይይዛል።

ወደ ማጉያህ ልመለስ። ቃሉ በሰዋስው ልክ ነው። ከ«ተከለ» መትከያ፣ ከ«ነቀለ» መንቀያ እንደሚወጣ ሁሉ ከ«አጎላ» ማጉያ ይወጣል። ለው ወደ የ ይለወጣል። ችግሩ «የድምፅ ማጉያ» የሚለውን መስጊዱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ በመኪና እየዞረ የሚያስተዋውቀውም ቀድመው ወስደውታል። ሞንታርቦ ራሱ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነበር፤ እኛ ዘንድ የዕቃው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ «የጆሮ ማዳመጫ ማጉያ» በላት። ማን ላይ እንደምትሠራ ከተነገረ ማንም አይሳሳትም። ከማጉላቷ በፊት ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የምትለውጥበት ክፍልም አላት። ባለሙያዎቹ ዳክ ይሉታል፤ አጭር ነው፣ እንዳለ ይቅር።

በነገራችን ላይ «ድምፅ»ን በፀ ጻፈው። በግዕዝም እንዲያ ነው።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርህ። ማዳመጫውን ለእናትህ አድርግላቸውና ያንን መንዙማ ክፈትላቸው። ጎላ፣ ጠራ፣ ወይም እኔ የማላውቀው የወሎ ቃል ይሉ ይሆናል። ያሉትን እንዳለ ጻፍልኝ።