በሩን የዘጋው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በወንጀል ፍትሕ ትምህርት ክፍል የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለተግባር ልምምድ በተመደብኩበት ጣቢያ አንድ ማታ መርማሪው በውሃ ፓምፕ ስርቆት የተጠረጠረ ወጣት ወደ ቢሮው አስገባና «አንተ ውጭ ቁም፣ በሩን ዝጋ፣ ማንም እንዳይገባ» አለኝ። ዘጋሁ። ሲጮህ ይሰማኝ ነበር። ከ20 ደቂቃ ያህል በኋላ ልጁ አመነ፤ ፓምፑም በጠቆመው ቦታ ተገኘ። መምህራችን «ድርጊት የሰው ድርጊት የሚባለው ከዕውቀትና ከነፃ ፈቃድ ሲመነጭ ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ፈቃድን ያዳክማል» ብሎ አስተምሮናል። እኔ አልመታሁም፤ የታዘዝኩትን ነው ያደረግኩት። የልምምድ ውጤቴን የሚሞላው እሱ ስለሆነም ፈርቼ ነበር። ልጁም እውነተኛ ሌባ ነው። ታዲያ ለምን እንቅልፍ አጣሁ? ጥፋቱ የእኔም ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ጡረታ እስክወጣ 27 ዓመት መርማሪ ነበርኩና የጻፍክልኝን በር አውቀዋለሁ።

መምህርህ ያስተማራችሁ ትክክል ነው። ሰው በእንቅልፍ ልቡ ሲያስል፣ የሚጥል በሽታ ይዞት ሲንፈራገጥ፣ ነገሩ በእሱ ላይ የደረሰ እንጂ እሱ ያደረገው አይደለም። ለዚህ በአገራችን የቀድሞ የፍርድ ልማድ ውስጥ ከሌባ ሻይ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ የሚያፈዝ መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰርና እየተንገዳገደ በሰፈሩ ውስጥ ይሮጣል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የጠፋውን ይከፍላል። ልጁ የት እንደሄደ እንኳ አያውቅም፤ ስንት ንጹሕ ሰው ቢያስከፍልም በእሱ ላይ የሚቆጠር ጥፋት የለም። ገመዱን ጨብጦ ከኋላው የሚከተለው ሰው ግን በሙሉ ልቡናው ነበር። አንተ ያን ማታ መድኃኒት አልጠጣህም። ትእዛዙን ሰምተሃል፤ በሩ ለምን እንደሚዘጋ ገብቶሃል፤ እጀታውን የሳበውም የራስህ እጅ ነው።

ፍርሃትህን አላቃልልም። አሪስቶትል በማዕበል መካከል ጭነቱን ወደ ባሕር የሚጥል መርከበኛን በምሳሌነት ያነሣል። ሰውየው ደስ ብሎት አይጥልም፤ ቢሆንም መርጦ ነው የሚጥለው። ፍርሃት ጥፋትን ያቀልላል፤ ድርጊቱን ግን ከባለቤቱ አይወስደውም። ደግሞም መርከበኛው ነፍሱን ሊያድን ንብረት ጣለ፤ አንተ የልምምድ ውጤትህን ልታድን ሰው አሳልፈህ ሰጠህ። ይህን የምጽፍልህ ልከብድብህ ብዬ አይደለም። አንተው ጠየቅኸኝ፤ ደግሞም ገና ተማሪ ነህ፤ መንገድህን ለማቅናት ጊዜ አለህ።

ሕጋችንም ከዚህ አይርቅም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 74፣ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመውን የበታች ሠራተኛ በኃላፊነት ይጠይቀዋል፤ የታዛዥነቱን ሁኔታ አይቶ ቅጣቱን ማቅለል የፍርድ ቤቱ ፈንታ ነው። አንቀጽ 424 ተጠርጣሪን የሚያስፈራራን ወይም የሚያሰቃይን የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ይህን እንዲፈጸም ያዘዘ ባለሥልጣን ደግሞ እስከ 15 ዓመት። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀላቀለችው ማሰቃየትን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም የበላይ ትእዛዝን ለማሰቃየት ምክንያት አድርጎ ማቅረብ አይቻልም ይላል።

«እውነተኛ ሌባ ነው» ያልከው ግን አስቆጥቶኛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ከጭካኔ አያያዝ የሚጠብቀው ሰውን ሁሉ ነው፤ ሌባ ይሁን አይሁን አይጠይቅም። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት እንኳ ከማይታገዱት ጥቂት አንቀጾች አንዱ ነው። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው በራሱ ላይ የእምነት ቃል እንዲሰጥ መገደድ እንደሌለበት፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደማይኖረው ይደነግጋል። አዲስ ነገርም አይደለም፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 31 ፖሊስ ቃል ለማግኘት እንዳያባብልና እንዳያስፈራራ ከልክሎ ነበር። እናንተ በ20 ደቂቃ ውስጥ ልጁንም ጎዳችሁ፣ መዝገቡንም አበላሻችሁ።

«ሌባ መሆኑን በምን አወቅህ?» ብልህ «አምኗል፣ አሳይቷል» ትለኛለህ። እኔም እንዲሁ እል ነበር። በሥራዬ 2ኛ ዓመት ቴፕ ሰርቋል የተባለ ተሸካሚ ይዘን ነበር። ሌሊቱን ተደበደበ፤ ጠዋት ቃሉን እንድቀበል መዝገቡ ለእኔ ተሰጠኝ። ሰውየው የጠየቅኩትን ሁሉ «አዎ» አለ። እኔም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩ፤ መጨረሻው ላይ «ያለ ማንም አስገዳጅነት በነፃ ፈቃዴ የሰጠሁት ቃል ነው» የሚለውን ጨመርኩበት። ቀለሙን ሳቀርብለት ቀኝ አውራ ጣቱ አብጦ ስለነበር አሻራው ተጨማልቆ ወጣ። ያን ጊዜ «ግራህን አምጣ» አልኩት። ያበጠውን ጣት አይቻለሁ፤ አይቼም ግራውን ጠየቅኩ። ከ4 ወር በኋላ ቴፑ ከባለቤቱ የእህት ልጅ ዘንድ ተገኘ። ሰውየው ተፈትቶ ሲወጣ በር ላይ አገኘኝና ኮፍያውን አንሥቶ ሰላም አለኝ። እኔ ግን አንዲት ቃል እንኳ አልተናገርኩም፤ ይቅርታም አልጠየቅኩትም።

አሁን የምልህን አድርግ። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲያችሁ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥበት ክፍል ካለው ሄደህ ጠበቃ አነጋግር። ነገሩ አንተንም የሚነካ ስለሆነ ልጁ ያን ማታ የተነፈገው በራስ ላይ ያለመመስከር መብት ለአንተም የተሰጠ ነው። ከጠበቃው ጋር ከተመካከርክ በኋላ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቢሮውን ቁጥር፣ የሰማኸውን ጻፍ፤ ያላየኸውን አትጨምር። እኛ የፖሊስ ሰዎች «ተደረገ»፣ «ተወሰደ» እያልን መጻፍ ለምደናል። አንተ «በሩ ተዘጋ» ብለህ አትጻፍ፤ «በሩን ዘጋሁ» በል። የልጁ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ጽሑፉን ለዐቃቤ ሕግ አድርስ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ኮሚሽንም አቤቱታ ይቀበላል። አንድ ቅጂ ለራስህ አስቀር።