«ዘመድሽ ነው ወይ?»

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለቴ አነበብኩት።

ሌሎቻችሁም እንድትከታተሉ ጉዳዩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊዋ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ናት። በአካውንቲንግ ተመርቃለች፣ አራት ልጆች ባሉበት ባንድ ውስጥ ደግሞ ሪትም ጊታር፣ ማለትም የዘፈኑን ምት ይዞ የሚሄደውን፣ ትጫወታለች። ጊታር ያስተማራት፣ የባንዱ ሊድ ጊታሪስት (ዜማውን ከፊት ሆኖ የሚጫወተው) እና የቅርብ ጓደኛዋ፣ መስከረም ላይ በድንገት አረፈ። ለቀብሩና ለሰልስቱ ፈቃድ ስትጠይቅ አለቃዋ «ዘመድሽ ነው ወይ?» አላት። አይደለም አለች። እንግዲያው ፈቃድ የለም ተባለች። ሄደች፤ ወደ ሥራውም አልተመለሰችም። አሁን የጥር ሰርግ እየደረሰ ስለሆነ የባንዱ ልጆች «የእሱን ቦታ አንቺ ያዥው» እያሏት ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለሒሳብ ሥራ ቃለ መጠይቅ ተቀምጣ «ያለፉትን ሦስት ወራት ምን ስትሠሪ ነበር?» ሲሏት እንባዋ ቀደማት፣ ይቅርታ ብላ ወጣች። ጥያቄዋ ይህ ነው፦ ጊታሩን ልተወው ወይስ በእሱ ቦታ ልጫወት?

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ፈጣሪ ያጽናሽ።

ስለ ሥራ የጻፍሽልኝ አራት መስመር ብቻ ነው። የቀረው ሦስት ገጽ ስለ እሱ ነው። ስለዚህ እኔም ከእሱ ልጀምር።

ገመድ ሲቀይር ትርፉን አይቆርጥም ነበር ብለሻል። የገመዱ ጫፍ ከጊታሩ ራስ ላይ እንደ ድመት ጢም ቆሞ ይቀራል። አንድ ቀን ጉንጭሽን ቧጭሮሽ «ቁረጠው እንጂ» ስትይው «ሲበጠስ መልሼ የምቋጥርበት ነው» አለሽ። እዚህ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። እንዲህ የሚያደርገው ገመድ እንደ ልብ በማይገኝበት፣ ቢገኝም በማይገዛበት ጊዜ ጊታር የተማረ ሰው ነው። ከታች በኩል የተበጠሰን ገመድ በትርፉ ስቦ፣ ቋጥሮ፣ ምሽቱን ይጨርስበታል። ልጁን አላውቀውም፣ ግን በዚህ አንድ ነገር ብቻ ያወቅኩት መሰለኝ።

አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት እንዴት እንዳስተማረሽም ጽፈሻል። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ የጊታር ፍሬት፣ አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ብረት፣ ኦክታቩን (ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጭኑ አቻው ያለውን ርቀት) አሥራ ሁለት እኩል የድምፅ እርከን ከፍሎ የተሠራ ነው። ክራርና ማሲንቆ ግን በጆሮ ነው የሚቃኙት፣ የድምፃውያኖቻችንም ጆሮ ያደገው በእነሱ ነው። ስለዚህ በተለይ አንቺሆዬ ላይ ጊታሩ በትክክል ተቃኝቶም ከድምፃዊዋ ጋር አልገጥም ሊል ይችላል። እሱ ጣቱን ሳያነሳ ገመዱን ገፋ ያደርገውና እሷ ያለችበት ያደርሰዋል። «ፍሬቱ ሰፈሩን ነው የሚነግርሽ፣ ቤቱን በጆሮሽ ፈልጊ» ይልሽ ነበር። እባክሽ ይህንን ጻፊው። የቱ ዘፈን ላይ፣ የትኛውን ጣት፣ የቱን ገመድ፣ ምን ያህል እንደሚገፋ፣ አሁን እጅሽ ላይ ትኩስ እያለ ጻፊው ወይም በስልክሽ ቅጂው። ጊዜ ሲያልፍ የሚጠፋው እንዲህ ያለው ትንሽ ትንሹ ነገር ነው።

እኔም እንዲህ ያለ ጓደኛ ቀብሬያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። እሱ ጊታር፣ እኔ ኪቦርድ፣ ቅዳሜና እሁድ አንድ ሆቴል ውስጥ እንሠራ ነበር። በሞተ በሁለተኛው ሳምንት ወደ መድረክ ተመለስኩ፤ ሰው ሁሉ «እሱም ቢሆን ይህን ነበር የሚፈልገው» ስላለኝ። አንድ የትዝታ ዘፈን መሀል ላይ ድምፃዊው ሲያርፍ እሱ ሁልጊዜ የሚመልስበት ቦታ ነበር። ቦታው ደረሰ። ዝም አለ። እኔ በኪቦርድ ሞላሁት፣ ሰውም አጨበጨበ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በሳምንቱ ኪቦርዱን ከግማሽ ዋጋ በታች ሸጥኩት፤ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት የሙዚቃ መሣሪያ አልነካሁም። ዛሬ ሳስበው መጫወቱም መሸጡም አንድ ናቸው። ሁለቱንም የወሰነልኝ ሐዘኑ ነው። ከሁለቱ ይበልጥ የሚቆጨኝ መሸጡ ነው፣ ምክንያቱም መጫወቱ አንድ ሌሊት ነበር።

ለዚህ ነው «ልተወው ወይስ በእሱ ቦታ ልጫወት» ስትይ ሁለቱም መንገድ ያሳሰበኝ። በሁለቱም ውስጥ ያለው እሱ ነው፣ አንቺ የለሽበትም። ጥያቄው አሁን መመለስ የለበትም። እስከ ፋሲካ አሳድሪው።

እስከዚያ ግን ኑሮ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ። ስለዚህ ጥርን በራስሽ ቦታ፣ በሪትም ተጫወች። ለባንዱ ልጆች እንዲህ በያቸው፦ «ለሰርጎቹ በሥራ የሚከፈለው ሊድ ጊታሪስት እንፈልግ፣ የሚመጣውን ሰው ክፍያ ከገቢው ላይ እናውጣ፤ ስለ ቋሚው ሰው ከፋሲካ በኋላ እንነጋገራለን።» ይህ ልመና አይደለም፣ የሥራ ሐሳብ ነው። ሪትምና ሊድ ሁለት የተለያየ ሥራ መሆኑን እነሱም ያውቁታል፤ ሪትሙ ከለቀቀ ሊዱ አየር ላይ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ አንቺን ወደ ፊት ቢያወጡሽ አንዱን ቀዳዳ ደፍነው ሌላ መክፈታቸው ነው። የሚመጣውን ጊታሪስት ደግሞ አደራ፣ ከእሱ ጋር አታወዳድሪው። ልጁ እንጀራው ነው። ከጥር በኋላ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ ይቆማል፣ የምሽቱም ሥራ ይቀዘቅዛል። ሌላ ጊዜ ሙዚቀኛ የሚፈራው ወር ነው፣ ዘንድሮ ግን ላንቺ የማሰቢያ ጊዜ ይሁንልሽ።

ስለ ፈቃዱ ጉዳይ ልመለስ፣ አናዶኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጁ፣ ልጁ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ ሲሞትበት ከደመወዝ ጋር የ3 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል። ጓደኛ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አለቃሽ «ዘመድሽ ነው ወይ?» ያለው ከዚህ ተነስቶ ይሆናል። ግን እዚያው አንቀጽ 81 ላይ ለየት ያለና ከባድ ጉዳይ ሲያጋጥም ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ፈቃድ እንዳለ ተጽፏል፤ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። በዚህ መንገድ ልትጠይቂ ትችይ ነበር፣ የነገረሽ ሰው ግን የለም። አዲስ ሥራ ከገባሽ ሙት ዓመቱ መስከረም ላይ ነውና ቀደም ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ለእናቱ ያን ቀን አጠገባቸው መሆንሽ ትልቅ ነገር ነው።

ስቱዲዮ ገብታችሁ የቀዳችኋቸው ያልወጡ ሦስት ዘፈኖች አሉ ብለሻል፤ ልጆቹም «ለመታሰቢያ እንልቀቃቸው» ብለዋል። መልካም ሐሳብ ነው፣ ግን ቀስ በሉ። ከሦስቱ የሁለቱን ዜማ የደረሰው እሱ ከሆነ የዜማው መብት የወራሾቹ ነው። በቅጂ መብት አዋጁ፣ 410/1996 የሚባለው በ872/2007 የተሻሻለው፣ የደራሲ መብት እሱ ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። መብቱ እንዲኖር መመዝገብ ግዴታ አይደለም፣ ግን አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቦ ማስረጃ መያዝ ነገ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያድናል። መጀመሪያ አንድ ወረቀት ላይ ማን ዜማውን እንደደረሰ፣ ማን ግጥሙን እንደጻፈ፣ ማን ምን እንደተጫወተ፣ መቼ እንደተቀዳ ጻፉና አራታችሁም፣ ማለቴ ሦስታችሁም ፈርሙ። ከዚያ እናቱ ዘንድ ሂዱ፣ ቁጭ ብላችሁ አሰሟቸው። እሺ ካሉ ይለቀቅ። የሚገኘው ገንዘብ ትንሽም ቢሆን ድርሻው እንዲደርሳቸው አሁን ተስማሙ።

ወደ ቃለ መጠይቁ። ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል፣ ስለዚህ መልሱን አፍሽ እስኪለምደው በይው። እንዲህ ብትይስ፦ «ለዓመታት አብሬው የሠራሁት ባልደረባዬ በድንገት አረፈብኝ። ቤተሰቡን እያገዝኩ ጥቂት ወራት ቆየሁ፣ አሁን ለሥራ ዝግጁ ነኝ።» በቃ፣ እዚያ ላይ አቁሚ። «ዘመድሽ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ «የቅርብ ሰው ነበር» በይ። እንባሽ ቢመጣም አትውጪ፤ ውኃ ጠጪ፣ «አንድ ደቂቃ ይስጡኝ» በይና ቀጥይ። እዚያ የተቀመጡትም ለቅሶ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ሲቪሽ ላይ ባንዱን አለማስገባትሽ ትክክል አይመስለኝም። ከሆቴሎች ጋር ውል የተነጋገርሽው አንቺ ነሽ። የአራት ሰው ክፍያ፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ የትራንስፖርት ወጪ ሦስት ዓመት ሙሉ በደብተር የያዝሽው አንቺ ነሽ። ለሒሳብ ሥራ ከዚህ በላይ ልምድ ምን አለ? «የሙዚቃ ባንድ አስተባባሪና ሒሳብ ያዥ» ብለሽ ከነዓመቱ ጻፊው። የሒሳብ ሥራ መያዝ ጊታርን መክዳት አይደለም፤ ቀን ቢሮ ውለው ማታ መድረክ የሚወጡ ሙዚቀኞችን አውቃለሁ።

ጊታሩ እናቱ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል ብለሻል። በሚቀጥለው ስትሄጂ ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ ከዚያ አውርጂው፣ ሙቀት እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ገመዱን ትንሽ አላልተሽ ቦርሳው ውስጥ አስቀምጭው። ትርፉን ግን እንዳትቆርጭው።