ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በሳይክል ስትሄጂ ብትታመሚ

እህቴ፣ «ለሕሙማን ሕፃናት ማሳከሚያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በሳይክል ልንሄድ ነው፤ መንገድ ላይ ብታመም ችዬ ልሂድ ወይስ ላቋርጥ? ማቋረጥ አያሳፍርም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በዚያው መንገድ፣ ለዚያው ዓይነት ዓላማ ስሄድ ታምሜ አውቃለሁ። ስለ ልምምዱና ስለ ሳይክሉ ሌሎች ይነግሩሻል፤ እኔ ስለ ሕመሙ ልንገርሽ።

1. መድኃኒት ከመግዛትሽ በፊት የብሩን ነገር ጨርሺ። ስፖንሰሮችሽ ቃል የገቡት በኪሎ ሜትር ነው ወይስ በደፈናው? የእኛ በኪሎ ሜትር ነበር። ሞጆ አድረን ጠዋት ወደ መቂ ስንወጣ ሆዴ ተገለባበጠ። ዓለም ጤና ከተማ ሳንደርስ ሥራዬ ሁሉ ከአስፋልት እየወረዱ ቁጥቋጦ ፍለጋ ሆነ። ከዚያ በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ አለኝ፤ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፣ መሪውን የያዙት እጆቼ ይንቀጠቀጣሉ። አጃቢ መኪናውን አስቁሜ «ልግባ» አልኩ። አስተባባሪው መስኮቱን ግማሽ ዝቅ አድርጎ «መኪና ከገባህ የቀረው ኪሎ ሜትር ብር ይቀራል፤ እስቲ ሕፃናቱን አስብ» አለኝ። መስኮቱንም መልሶ ዘጋው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለታመመ ሕፃን ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው በታመመ ሰው ፊት መስኮት ይዘጋል?

አልሰማሁትም። ሳይክሌን አሳስሬ ገባሁ። ባቱ (ዝዋይ) ክሊኒክ ግሉኮስ ተሰክቶልኝ እንደተኛሁ ስፖንሰሮቼ ጋ አንድ በአንድ ደወልኩ። አንድም ሰው ብሩን አልቀነሰም። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም «አንተ ብቻ ዳን» ብላ ጨመረችበት። ቃል የተገባልኝ ብር በሙሉ ገባ፤ በዚህ ዛሬም እኮራለሁ። አንቺ ግን አልጋ ላይ ሆነሽ ከምትደውዪ፣ ከአሁኑ «ታምሜ ባቋርጥም ብሩ ይሰጣል» የሚል መልእክት አስልኪያቸውና ስልክሽ ላይ ያዢው።

2. ትኩሳት ካለሽ አትንጂ። አፍንጫ ብቻ የሚዘጋ ጉንፋን ከሆነ ቀስ ብሎ መሄድ ይቻላል። ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ የደረት ሕመም ወይም ያልለመድሽው የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ወዲያው ውረጂ። አንዳንዱ ቫይረስ የልብ ጡንቻንም ያስቆጣል፤ በዚያ ሁኔታ ልብን ማስጨነቅ የልብ ምትን አደገኛ በሆነ መንገድ ሊያዛባ ይችላል። ባቱ ያከመኝ የጤና መኮንን ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ይህንን ነው። እግዜር ይስጠው፣ አልተቆጣኝም፣ አላንጓጠጠኝም።

3. ኦአርኤስ (ተቅማጥ ሲይዝ በውሃ በጥብጠው የሚጠጡት ዱቄት) በብዛት ያዢ። የእኛ መኪና የመድኃኒት ሳጥን ውስጥ ፋሻና ዲክሎፌናክ ብቻ ነበር! ሰውነቱ ውሃ ላለቀበት ሰው እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ የሕመም ማስታገሻ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፤ ለጉልበት ሕመም ብለው ቢሰጡሽም እምቢ በይ። ኦአርኤስ ካጣሽ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጪ። በአንድ ትንፋሽ አትጠጪው፣ ይመልስሻል፤ ፉት ፉት በይው። ሽንትሽ ከጠቆረ ወይም ጨርሶ ከጠፋ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ሰገራሽ ደም ካለው ወይም ትኩሳት ካለሽ ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን አትዋጪ፤ ተመርመሪ።

4. ውሃ። ሞጆ ላይ አብረውኝ ጥሬ ሥጋ የቆረጡት ደህና አደሩ። ጥብስ የበላሁት እኔ ታመምኩ። የምጠረጥረው አዘጋጆቹ ያመጡትን ጀሪካን ነው፤ ከእሱ የቀዳነው ሁሉ ነው ሆዳችንን የያዝነው። ያልተከፈተ ሃይላንድ ካልሆነ አትቅጂ። ጥሬ ሥጋውንና የባቱን ጥሬ ዓሣም ከሐዋሳ መልስ አድርጊው።

5. ወባ። መቂና ባቱ ወባ አለ፤ ስታድሪ አጎበር ጠይቂ። ከትንኝ ንክሻ በኋላ ለመታመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በላይ ይፈጃል፤ ስለዚህ በሁለተኛው ቀን የሚይዝሽ ትኩሳት ከዚያው መንገድ የመጣ ወባ አይደለም። የሚያሰጋሽ ከተመለስሽ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች ሐኪሙ ወባን ቶሎ ላያስብ ይችላል። በቀጣዮቹ ሳምንታት፣ ከወራት በኋላም ቢሆን፣ ካተኮሰሽ «ባቱ አድሬ ነበር» ብለሽ ደም ተመርመሪ።

ያሳፍራል ወይ ላልሽው፣ እኔ ሐዋሳ የገባሁት በመኪና ነው፤ አላፈርኩም። አብረውኝ የነዱት ልጆች ሐይቁ ዳር ፎቶ ሲነሱ ጎትተው መሀል አቆሙኝ። ሆድሽን ሲያምሽ ግን ለጓደኞችሽ ቶሎ ተናገሪ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ። ደግሞ አስተባባሪያችሁን ዛሬውኑ ጠይቂው፦ አጃቢ መኪናው ውስጥ ለታመመ ሰው ባዶ ወንበር አለ ወይስ ሁሉንም በሻንጣ ሞልታችሁታል? ተንገራግሮ ከመለሰልሽ ሌላ መኪና ፈልጊ።