ከሰማይ እንቁራሪት የሚዘንብበት ፊልም የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ልጅ ሆነን ከሰፈር ቪዲዮ ቤት ተከራይተን ያየነው አንድ ፊልም ነበር። ሰዉ ሁሉ ሲጨቃጨቅና ሲያለቅስ ይቆይና መጨረሻ ላይ በድንገት ከሰማይ እንቁራሪት ይዘንባል። ወንድሜ «በህልምህ ነው ያየኸው» እያለ ይስቅብኛል። እውነት እንዲህ ያለ ፊልም አለ? ካለስ እንቁራሪት ምን ሊሠራ ገባ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድምህን ማኪያቶ አስከፍለው፣ ፊልሙ አለ። የፖል ቶማስ አንደርሰን «ማግኖሊያ» ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ። ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ግማሹን ብትረሳው አልፈርድብህም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ ቀን ብዙ ሰዎች አሉ፤ በካንሰር የሚሞት አባት፣ አባቱን ይቅር ማለት ያቃተው ልጅ (ቶም ክሩዝ ነው፣ በዚህኛው ሽጉጥ ይዞ አይሮጥም)፣ የቴሌቪዥን ጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ሽንት ቤት ሂድ የሚለው አጥቶ ሱሪው ላይ የሚያመልጠው ሕፃን፣ ሌሎችም።

ከዚያ ሌሊት ላይ አንድ ፖሊስ መኪናውን እየነዳ ሳለ አንዲት እንቁራሪት የፊት መስታወቱ ላይ ጧ ብላ ትፈጠፈጣለች። አንድ ብቻ። ደንግጦ ሲያቆም ሰማዩ ይለቀዋል። አምቡላንስ ይገለበጣል። ራሱን ሊያጠፋ ሽጉጥ የደገነ ሰውዬ ቤት ደግሞ አንዷ የጣሪያውን መስታወት ሰብራ ትወድቅና ዒላማውን ታስተዋለች። ያ ተወዳዳሪ ሕፃን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጭ ብሎ ምንም ሳይደነግጥ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል ይላል። እኔ ፊልሙን የምወደው በዚህ ልጅ ምክንያት ነው።

ለምን እንቁራሪት ላልከው፣ ዘጸአት 8፥2ን ገልጠህ አንብብ። ፈርዖን ሕዝቡን አልለቅም ካለ አገሩ በሙሉ በጓጉንቸር እንደሚመታ የተነገረበት ቦታ ነው። ፊልሙን ደግመህ ካየኸው 8 እና 2 በየቦታው ተደብቀዋል፤ የአየር ትንበያው ዝናብ የመዝነብ ዕድሉ 82 በመቶ ነው ይላል፣ ውድድሩን ከሚያዩት ሰዎች መካከልም አንዱ ጥቅሱን የጻፈበት ወረቀት ይዞ ተቀምጦ ይቀሙታል። የሚገርመው ግን አንደርሰን ራሱ ሐሳቡን መጀመሪያ ያገኘው ስለ እንግዳ ክስተቶች ይጽፍ ከነበረው ከቻርልስ ፎርት ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዳለ ያወቀው በኋላ ነው። የእኔን ግምት ከጠየቅከኝ፣ እነዚያ ሁሉ ሰዎች በየራሳቸው ውሸት ውስጥ ስለሚሽከረከሩ ሰው ሠራሽ ነገር ሊያስቆማቸው አይችልም ነበር። እንቁራሪት ግን ያስቆማል። አናትህ ላይ እየወደቀች እንዴት ትጨቃጨቃለህ?

በነገራችን ላይ የፈርዖንን ታሪክ ራሱን የሚተርከው እ.ኤ.አ. የ1956ቱ ፊልም «ዐሥርቱ ትእዛዛት» እንቁራሪቶቹን ሳያሳየን ነው የሚያልፈው።

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጄ እንቁራሪቷን የሳመችውን ልዕልት ፊልም ካላየሁ ብላ አስጨንቃኛለች። ለዕድሜዋ ይሆናል? (እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ እ.ኤ.አ. የ2009ኙ የዲዝኒ «ልዕልቷና እንቁራሪቱ» ማለትሽ ከሆነ ይሆናል፣ ግን አብረሻት ተቀመጪ። ጥላዎችን የሚያዝ ጠንቋይ አለበት፣ እሱ ሲመጣ ጉያሽ ውስጥ መግባቷ አይቀርም። ቲያና የዲዝኒ የመጀመሪያዋ ጥቁር ልዕልት ናት፤ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ አስተናጋጅ ሆና እየሠራች የራሷን ምግብ ቤት ለመክፈት ሳንቲም በጣሳ የምታጠራቅም ልጅ። እንቁራሪቱን ስትስመው እሱ ሰው በመሆን ፈንታ እሷም እንቁራሪት ሆና ቁጭ! ልጅሽ እዚህ ጋ ነው የምትስቀው። ተረቱን ራስሽ ልታነቢላት ካሰብሽ ግን ተጠንቀቂ፤ በወንድማማቾቹ ግሪም መጽሐፍ ውስጥ መሳም የሚባል ነገር የለም፣ ልዕልቷ እንቁራሪቱን አንስታ ከግድግዳ ጋር ነው የምታላትመው።

ጥያቄ፦ የፈረንጅ ፊልም ላይ ያሉ እንቁራሪቶች ሁሉ «ሪቢት፣ ሪቢት» ነው የሚሉት። ጫካው አማዞንም ይሁን አፍሪካ ያው ነው። ክረምት ላይ ከቤታችን ጀርባ ካለው ኩሬ የምሰማው ግን ሌላ ነው። የኛዎቹ ቋንቋ ይለያል እንዴ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ጆሮህ ልክ ነው፣ ሆሊውድ ነው ያታለለህ። «ሪቢት» የሚለው ድምፅ የአንዲት እንቁራሪት ዝርያ ብቻ ነው። በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የምትኖር፣ ከአምስት ሳንቲሜትር የማትበልጥ ትንሽ የዛፍ እንቁራሪት አለች። ፊልም ሠሪዎቹ የሌሊት ድምፅ ሲፈልጉ ሩቅ አልሄዱም፣ እዚያው ካሊፎርኒያ ደጃቸው ላይ የምትጮኸውን ቀዱ። ከዚያ ያንኑ ቅጂ በየፊልሙ ይለጥፉት ጀመር። ሌሎቹ ዝርያዎች እንደየራሳቸው ነው የሚጮኹት፤ ያፏጫል አንዱ፣ ያገሳል ሌላው፣ የበር ማጠፊያ የሚመስልም አለ።

እንቁራሪቷን የሚያጭበረብሯት በድምፅ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1972ቱ «ፍሮግስ» (እንቁራሪቶች) የሚባል አስፈሪ ፊልም ፖስተሩ ላይ ከእንቁራሪት አፍ የሰው እጅ ወጥቶ ይታያል። ገንዘብህን ከፍለህ ስትገባ ሰዉን የሚጨርሱት እባብ፣ አዞና ሸረሪት ናቸው፤ እንቁራሪቶቹ ዳር ቆመው ያያሉ። ከሁሉ በላይ ልፋት የታየበት እ.ኤ.አ. የ1979ኙ፣ ከርሚት የሚባለው የእንቁራሪት አሻንጉሊት ፊልም ነው። አሻንጉሊቱ ረግረግ መሃል ግንድ ላይ ተቀምጦ ባንጆ እየመታ ሲዘፍን ባለቤቱ ጂም ሄንሰን ውኃ ውስጥ በሰጠመ የብረት ሳጥን ታጥፎ ገብቶ፣ በቱቦ አየር እየሳበ፣ በጎማ እጅጌ እጁን ወደ ላይ አውጥቶ ነበር የሚያንቀሳቅሰው። እኔ እንኳን ሳጥን፣ ሊፍትም ይጨንቀኛል።

አንተ ግን የኩሬውን ድምፅ ክረምት ሲገባ በስልክህ ቅዳና ላክልኝ። የምሬን ነው።