ከኦፕራሲዮን በኋላ በምጥ መውለድ ይቻላል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የዛሬ ሦስት ዓመት የመጀመሪያ ልጄ በመቀመጫው ስለመጣ በኦፕራሲዮን ወለድኩ። አሁን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጎረቤቶቼ «አንዴ የተቀደደ ማህፀን ምጥ አይችልም» ይሉኛል። እውነት ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጎረቤቶችዎ የሚሉት አንድ ወቅት የሐኪሞችም እምነት ነበር። ኤድዊን ክሬጊን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1916 አንዴ በቀዶ ጥገና የወለደች ሴት ሁልጊዜም በዚያው መንገድ እንደምትወልድ የጻፈው ማህፀን በወፍራሙ የላይኛው ክፍል፣ ከላይ ወደ ታች ይከፈት በነበረበት ዘመን ነው። እንዲህ ያለው ጠባሳ ምጥ ሲበረታ የመተርተር አደጋው ከፍተኛ ሲሆን፣ ዛሬም ከ100 እናቶች ከ4 እስከ 9 በሚሆኑት ላይ ሊደርስ ስለሚችል ምጥ አይፈቀድላቸውም። አሁን በአብዛኛው የሚሠራበት ግን በማህፀኑ ስስ የታችኛው ክፍል ላይ የሚደረግ አግድም ቅድ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ በዚህ መንገድ የወለዱ እናቶች ምጥ ሲሞክሩ ማህፀን የሚተረተረው ከ200 በአንዷ ገደማ ነው።

ከሚሞክሩት 100 እናቶች ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት በምጥ ይወልዳሉ። የእርስዎ ዕድል ጥሩ ነው የምለው የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ምክንያት የልጁ አቀማመጥ በመሆኑ ነው፤ ያሁኑ ልጅ በጭንቅላቱ ከመጣ ያ ምክንያት የለም ማለት ነው። ምጧ ቆሞ ወደ ቀዶ ጥገና የገባች እናት ዕድል ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ከዚህ በፊት በምጥ የወለደች ደግሞ ከሁሉም የተሻለ ዕድል አላት።

ይሁንና ምጥ ተሞክሮ ሳይሳካ የሚደረግ ቀዶ ጥገና አስቀድሞ በቀጠሮ ከሚደረገው ይልቅ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። በቀጠሮ የሚደረገውም ቢሆን ያለ ሌላ የጤና ምክንያት ከ39 ሳምንት በፊት ባይሆን ይመረጣል፤ የሕፃኑ ሳንባ ሳይበስል ቀርቶ የመተንፈስ ችግር ሊያመጣ ይችላልና። ስለዚህ አስቀድመው አንድ ነገር ያድርጉ፦ ከወለዱበት ሆስፒታል የቀዶ ጥገናውን ማስታወሻ ያውጡ። ሆድዎ ላይ ያለው ጠባሳ አግድም መሆኑ ስለ ማህፀኑ ቅድ ምንም አይናገርም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ብዙ እናቶች ይህን ወረቀት እንደ ተራ ነገር ጥለውት ሲሄዱ ያሳስበኛል፤ የሚቀጥለውን ወሊድ የሚወስነው እሱ ነውና።

ጥያቄ፦ አጠገባችን ያለው ጤና ጣቢያ አዋላጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ሆስፒታሉ በመኪና ሁለት ሰዓት ይርቃል። ባለቤቴ በፊት በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። እዚሁ ትውለድ? (ከሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ እዚያ አትውለድ። የአዋላጆቹን ሙያ አልጠራጠርም፤ ማህፀን ከተተረተረ ግን ሕፃኑ ያለው ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ስለሆነ፣ የቀዶ ጥገና ክፍል፣ ሰመመን ሰጪ ባለሙያና ደም በሌሉበት ቦታ ምጥ መሞከር የለበትም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በቀዶ ጥገና የተወለዱት ሕፃናት በአገር ደረጃ 2 በመቶ፣ በአዲስ አበባ ግን 21 በመቶ ነበሩ፤ አገልግሎቱ ከገጠር ምን ያህል እንደራቀ ከዚህ ይታያል። ምጡ እስኪጀምር አትጠብቁ፤ ሆስፒታሉ የእናቶች ማቆያ ካለው ቀኗ ሳይደርስ ትግባ፣ ከሌለው ከተማ ያለ ዘመድ ቤት ትረፍ። በምጥ መካከል ፋታ የማይሰጥ ሕመም፣ የደም መፍሰስ፣ ምጡ በድንገት መቆም ወይም ራስን መሳት ከታየ አንድም ደቂቃ አይጠፋም። ምጥ ለማስጀመር ሚሶፕሮስቶል የተባለውን ኪኒን ማንም እንዳይሰጣት፤ የቀዶ ጥገና ጠባሳ ላላት እናት አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪሜ ኮምፒውተር ላይ አስልታ በምጥ የመውለድ ዕድሌ ዝቅተኛ ነው አለችኝ። ስትሞላው ዘሬንም ጠይቃኛለች። ልቀበለው? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ የትኛውን ማስሊያ እንደተጠቀመች ይጠይቋት። በአሜሪካ በስፋት የተሠራበትና በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ማስሊያ ዕድሜን፣ ቁመትን፣ ክብደትንና የቀድሞ ወሊድን ከመጠየቅ አልፎ ጥቁር ወይም ሂስፓኒክ (ዘሯ ከላቲን አሜሪካ) የሆነችውን እናት ዕድል ዝቅ አድርጎ ያሰላ ነበር። በ2021 ዘር የተወገደበት አዲስ ማስሊያ ወጥቷል። የቆዳ ቀለም ማህፀንን ደካማ አያደርግም፤ ያ ጥያቄ ከተሞላ ስሌቱ በአዲሱ እንዲደገም የመጠየቅ ሙሉ መብት አለዎት። አዲሱም ቢሆን ለመመካከር የሚረዳ ግምት እንጂ ብይን አይደለም።

ጥያቄ፦ አራት ልጆች እንፈልጋለን። ባለቤቴ ሁሉንም በኦፕራሲዮን ብትወልድ ምን ችግር አለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ችግሩ በአብዛኛው በእንግዴ ልጁ ላይ ይመጣል። እንግዴ ልጁ የማህፀንን በር ሸፍኖ ከተቀመጠ፣ በጠባሳው ውስጥ ሥር ሰዶ አልላቀቅ የማለት ዕድሉ አንድ ቀዶ ጥገና ላደረገች 11 በመቶ፣ ሁለት ላደረገች 40 በመቶ፣ ሦስት ላደረገች 61 በመቶ ገደማ ነው። ያን ጊዜ የእናቲቱን ሕይወት ለማትረፍ ብዙውን ጊዜ ማህፀኗ ይወጣል። ብዙ ልጅ ለሚያስብ ቤተሰብ ሁለተኛውን በምጥ መሞከር ትልቅ ክብደት የሚኖረው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አማቴ «ምጥ ያላየች አልወለደችም» ትለኛለች። ለእሷ ስል ልሞክር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይሞክሩ። ሆዷ ተከፍቶ ልጇን የታቀፈች እናት ወልዳለች፤ ይህንን ለአማትዎ ባለቤትዎ ቢነግሯቸው ይሻላል። መሞከር የሚገባዎት ጠባሳዎ የሚፈቅድ፣ ሆስፒታሉ የሚችልና እርስዎም የሚፈልጉት ከሆነ ነው።

ጥያቄ፦ በኦፕራሲዮን የወለድኩት ልጄ ስምንት ወሩ ነው፤ አሁን አርግዣለሁ። (ከዱባይ)

መልስ፦ በሁለቱ ወሊዶች መካከል 18 ወር ሳይሞላ ምጥ መሞከር የመተርተር አደጋውን ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የእርስዎ ሚዛን ወደ ቀጠሮ ቀዶ ጥገና ያጋድላል። በመጀመሪያው የክትትል ቀን ያለፈው ቀዶ ጥገና የተደረገበትን ቀን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በአልትራሳውንድም እንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠ እንዲታይ ይጠይቁ።