የሱፐርማርኬቱ ጋሪ ይነዝረኛል፤ ልቤን ይጎዳው ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ነው። ብርዱ ከገባ ወዲህ ሱፐርማርኬት ውስጥ ጋሪ እየገፋሁ ትንሽ ከዞርኩ በኋላ መደርደሪያ ወይም የፍሪጅ በር ስነካ ኮረንቲ ይነዝረኛል፤ አንዳንዴ ቷ የሚል ድምፅ ሁሉ አለው። በቀደም ጋሪው ላይ የተቀመጠውን የ2 ዓመት ልጄን ጉንጭ ስነካው ነዘረውና አለቀሰ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ናት፤ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል፣ ደረት ውስጥ የሚገጠም መሣሪያ) ስላላት ሱቅ ይዣት መሄድ ፈራሁ። እኔንም ማታ ማታ ቀኝ እጄን እየነዘረኝ ከእንቅልፌ ያባንነኛል። ሥራዬ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማሸግ ነው። አንዲት ጓደኛዬ “ሰውነትሽ ውስጥ ኤሌክትሪክ ተጠራቅሞ ነው” አለችኝ። እውነት ነው? ልቤንስ አይጎዳውም?

መልስ፦ ከልብዎ ልጀምር። አይጎዳውም። የእናትዎን ፔስሜከርም አያበላሽም፤ ልጅዎም ከድንጋጤው በቀር ምንም አልሆነም። የማታው ንዝረት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲያውም ከጻፉልኝ ሁሉ ሐኪም የሚያስፈልገው እሱ ነው፤ እመጣበታለሁ።

የጋሪው ጎማ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። የሱቁ ወለልም እንዲሁ ፕላስቲክ ነክ፣ የተወለወለ ንጣፍ ነው። ሁለቱ እየተነካኩና እየተላቀቁ ሲሄዱ ኤሌክትሮን የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ካንዱ ወደ ሌላው ይሻገሩና ቻርጅ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙሌት፣ ይፈጠራል። ጋሪው ራሱ ብረት ቢሆንም የቆመው በፕላስቲክ ላይ ስለሆነ ቻርጁ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ የለውም። እርስዎም ሶሉ ጎማ የሆነ ጫማ አድርገው፣ ፖሊስተር ጃኬት ደርበው ከኋላው ይሄዳሉ፤ አብረው ይሞላሉ ማለት ነው። እጅዎ የፍሪጁ በር ጋ ሲደርስ ያ ሁሉ በጣትዎ ጫፍ በኩል ባንዴ ይወጣል።

በብርድ ጊዜ የሚብሰው አየሩ ስለሚደርቅ ነው። እርጥበት ሲኖር ዕቃው ሁሉ ላይ በዓይን የማትታይ ስስ የውሃ ሽፋን ትኖራለች፤ ቻርጁም በእሷ በኩል ቀስ እያለ ሳይታወቅዎ ይሄዳል። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ድሮም አየሩ ደረቅ የሆነ ከተማ ነው። ማሞቂያ ሲጨመርበትማ አለቀለት። አዲስ አበባም ቢሆን በጥርና በየካቲት ማታ ሹራብ ሲያወልቁ ሲንጣጣ፣ ጨለማ ከሆነም ብልጭ ሲል አይተው ይሆናል። ያው ነገር ነው።

አሁን የሚያስደነግጠውን ቁጥር ልንገርዎ። ሰው ይህን ንዝረት የሚሰማው ሰውነቱ ላይ ያለው ቮልቴጅ 3,000 ገደማ ሲደርስ ነው። አዎ፣ 3,000። የአሜሪካ ሶኬት 120፣ የኢትዮጵያው 220 መሆኑን ላወቀ ሰው ይሄ ጉድ ነው። ግን ልብን የሚጎዳው ቮልቴጁ ብቻውን አይደለም፤ ምን ያህል ኮረንቲ፣ ለምን ያህል ጊዜ በልብ በኩል አለፈ የሚለው ነው። ሶኬት እንደተከፈተ ቧንቧ ነው፣ እስኪላቀቁ ድረስ ይፈስሳል፤ የጋሪው ግን ከሲኒ ላይ እንደተደፋች ጠብታ ናት፤ ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አልቃለች። ጉልበቷ ቢለካ ጥቂት ሚሊጁል ነው፤ አንድ ሚሊጁል የጁል አንድ ሺህኛ ነው፣ ጁል ደግሞ የጉልበት መለኪያ ነው። ልቡ ለቆመ ሰው የምንጠቀምበት የልብ ማስነሻ ማሽን በአንድ ምት ከ120 እስከ 360 ጁል ይሰጣል፤ በአሥር ሺዎች እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ከነዘረዎት በኋላ ልብዎ ድው ድው ቢል ድንጋጤው ነው።

የጓደኛዎ ነገር ትክክል አይደለም። ቻርጁ የሚቀመጠው ቆዳዎ ላይ ነው፤ በነዘረዎት ቅጽበት ወጥቷል፣ ለነገ የሚተርፍ የለም። “ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ያወጣል” እያለ ቲክቶክ ላይ አምባርና ምንጣፍ የሚሸጥልዎ ካለ ገንዘብዎን ለአስቤዛው ያስቀምጡ።

እናትዎን ይዘዋቸው ይሂዱ። ፔስሜከር በታይታኒየም የተሸፈነ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ሁከትን የሚያጣራ ክፍልም አለው። ሱቅ ውስጥ ሊጠነቀቁ የሚገባው በሩ ላይ ግራና ቀኝ የቆሙትን የሌባ መቆጣጠሪያ ምሰሶዎች ነው። በመደበኛ እርምጃ አልፈው ይሂዱ እንጂ ተደግፈዋቸው ወይም መሃላቸው ቆመው ወሬ አይያዙ። ሌላው ስልክ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስልክና ስማርት ሰዓት ከፔስሜከሩ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቁ ይላል። እናቶቻችን ደግሞ ስልካቸውን የት እንደሚከቱት እናውቃለን፤ ጡት ማስያዣ ውስጥ! ይህን ግን እምቢ ይበሏቸው፤ ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

ስለ ልጅዎ የሚያሳስበኝ ንዝረቱ ሳይሆን ጋሪው ራሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ20 ሺህ በላይ ልጆች ከሱቅ ጋሪ ጋር በተያያዘ ጉዳት ድንገተኛ ክፍል ይገባሉ፤ አብዛኞቹ ከላዩ ወድቀው ነው፣ የሚመታውም በብዛት ጭንቅላታቸው ነው። ቀበቶውን ይሰሩለት፣ በጋሪው ላይ አያቁሙት፣ ለአንዲት ደቂቃም ጥለውት አይሂዱ።

ንዝረቱን ለመቀነስ ቀላሉ ዘዴ ቁልፍ ነው። የቤትዎን ቁልፍ ጠበቅ አድርገው ይያዙና መደርደሪያውን መጀመሪያ በቁልፉ ጫፍ ይንኩት። ብልጭታዋ ከቁልፉ ላይ ትወጣለች፤ እርስዎ ምንም አይሰማዎትም ማለት ይቻላል። ቁልፍ ከሌለ በክርንዎ ይንኩ፤ ክርን እንደ ጣት ጫፍ አይሰማውም። ጋሪውን ሲገፉም ከፕላስቲክ እጀታው ይልቅ ብረቱን በባዶ እጅ ይያዙ፤ ልጅዎን ከመንካትዎ በፊትም እንደዚሁ ብረቱን ይንኩ። እጅዎን ቅባት ይቀቡ። ጥጥ ልብስና የቆዳ ሶል ጫማም ይረዳል። ሱቁ ጋሪዎቹን መሬት የምትነካ ትንሽ ሰንሰለት ቢያንጠለጥልባቸው ወይም ኮረንቲ የሚያስተላልፍ ጎማ ቢያደርግላቸው ችግሩ በብዙ ይቀል ነበር፤ ሥራ አስኪያጁን ቢጠይቁ ነውር የለውም። ይሄ ንዝረት የምር አደገኛ የሚሆነው ቤንዚን ማደያ ነው፤ እየቀዱ ሳለ ብርድ ብሎ መኪና ውስጥ ገብተው አይቀመጡ፣ ከገቡም የቤንዚን መቅጃውን እንደገና ከመንካትዎ በፊት የመኪናውን ብረት ይንኩ።

ወደ ማታው ንዝረት እንምጣ። ተኝተው ምንም ብረት ሳይነኩ የሚነዝርዎት ከጋሪው ጋር አይገናኝም፤ ነርቭ ነው። ቀኑን ሙሉ ዕቃ ለሚያሽግ ሰው መጀመሪያ የምጠረጥረው ካርፓል ተነል የሚባለውን፣ የእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ሲጨመቅ የሚመጣውን ሕመም ነው። ራስዎን ይከታተሉ፦ የሚነዝረው የትኞቹን ጣቶች ነው? አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሹ ከሆኑ፣ ትንሿን ጣት ከተዋት፣ ሲነቁ እጅዎን ሲያራግፉት ከተሻለዎት በአብዛኛው እሱው ነው። ፋርማሲ የሚሸጠውን፣ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማታ ማታ አድርገው ይተኙ፤ ለጥቂት ሳምንታት ይሞክሩት። ለአለቃዎም ከወዲሁ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ከሥራ የመጣ ከሆነ ካሳ ሲጠየቅ “መቼ ተናገርሽ?” መባሉ አይቀርም።

ድጋፉ ካልረዳዎት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ዕቃ ከእጅዎ መውደቅ ከጀመረ ወይም ከአውራ ጣትዎ ሥር ያለው ሥጋ ከሳሳ ግን አይጠብቁ። ሁለቱንም እግርዎን ጭምር የሚነዝርዎ ከሆነ ስኳር፣ ታይሮይድና ቫይታሚን ቢ12 በደም ይታይልዎ። በተለይ ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰዱ ከሆነ ይህን ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ መድኃኒቱ ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል። አንገትዎን ወደ ፊት ሲደፉ ኮረንቲ በጀርባዎ የሚወርድ ከመሰለዎትም እንዲሁ ይናገሩ፤ እሱ ከአከርካሪ የሚመጣ ስለሆነ ሌላ ምርመራ አለው።